ለወንድሜ ሚስት ቤት ሳፈላልግ

አዳማ፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለነጋሳ ባለቤት፣ ለሀኒ፤

ሰላምሽ ይብዛ። አከም ጂርታ? እኔ ከንፋሱና ከአቧራው በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል፤ ስላቆየሁት ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ እንዳልዋሽ፣ ደብዳቤ የሚያመላልስልን መርዳሳ በየቀኑ ሚኒባሱን ይዞ ባቱ ሲመላለስ «ዛሬም መልስ የለም?» እያለ በቢሮዬ በር ብቅ ሲል ታዝቦኛል።

ለጠየቅሽኝ መልሴ እሺ ነው። ወደ አዳማ ከመዛወርሽ በፊት ቤቱን እኔ እፈልግልሻለሁ። «ዘመድ ነሽና እንዳላስቸግርሽ» ያልሽውን ግን ተይው። አሥራ አንድ ዓመት በድለላ ስኖር ዘመድና ባዳ ለይቼ አላውቅም። ለሚገዛ ሰው የምገባው ቃል አንድ ነው፦ ከሻጭ በስውር አልቀበልም፤ ካርታውን ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ሳላጣራ ቀብድ አላስይዝም፤ የማውቀውን አልደብቅም፤ የገዢዬን አቅም ለሻጭ አላወራም። ይህንንም በወረቀት የምጽፍልሽ ለገዢዎቼ ሁሉ እንዲሁ ስለማደርግ ነው። የስልክ ቃል ይካዳል። አንቺም የቤቱን ነገር በስልክ ሳይሆን በደብዳቤ አድርጊው።

ነጋሳ ከባድ መኪናውን ይዞ የጅቡቲ መንገድ ላይ ስለሆነ ነገሩን ሁሉ ለአንቺ እንደተወልሽ ጽፈሻል። መታመን ጥሩ ነው። ለእኔ አልነገረኝም፤ ቤት ልትገዙ መሆኑን የሰማሁት ካንቺ ደብዳቤ ነው።

አንድ ቤት አለ። ባለቤቱ ጋሽ ሰንበታ ይባላሉ፤ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሰው ናቸው። አርሲ ነገሌ ልጃቸው ዘንድ ሄደው መጦር ስለፈለጉ ነው የሚሸጡት። ሦስት መኝታ፣ ከኋላ ሰርቪስ ክፍል፣ ግቢው ውስጥ ሁለት የኒም ዛፍ፣ ሰፊ በረንዳ። ንፋሱ በጀርባው በኩል ነው የሚያልፈው። እንዲህ ያለ ቤት ሲገኝ ደላላ ለሚመርጠው ሰው ነው የሚያሳየው። ቅዳሜ ነይና እይው።

ጂቱ


ባቱ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርሽና ለምወድሽ እትዬ ጂቱ፤

ጌታ ይባርክሽ። ቅዳሜ ምሳ ሳልቀምስልሽ በመሄዴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ጤና ጣቢያ ተረኛ ነበርኩ፤ የምትተካኝ ነርስ አልነበረችም። ቅር እንዳለሽ ከፊትሽ አውቄያለሁ።

«ቤቱን ወደድሽው ወይስ ዝም ብለሽ ነው?» ላልሽኝ፣ እትዬ፣ በጣም ወድጄዋለሁ! ዝም ያልኩት ጋሽ ሰንበታ ፊት ደስታዬን ካሳየሁ ዋጋ ይጨምራሉ ብለሽ ስለመከርሽኝ ነው። እናንተ ስትነጋገሩ እኔ የበረንዳውን ምሰሶና ዛፎቹን እየዞርኩ ስዳስስ ነበር።

ነጋሳ አዋሽ ላይ አድሮ ደወለልኝ። ሁሉን አጫወትኩት። «ካርታው በአንቺ ስም ይሁን፤ እኔ የመንገድ ሰው ነኝ» አለኝ። እምቢ ብለው አልሰማኝም። እናታችሁን እማማንም ከዓለም ጤና እናመጣቸዋለን፤ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ክፍል የእሳቸው ይሆናል።

አንቺንም አልረሳሽም። «ጂቱ በየወሩ ኪራይ ከምትከፍል ከኋላ ያለችው ሰርቪስ ትበቃታለች» ብሏል። እኔም ደስ ይለኛል። ውሃውም መብራቱም ከቤቱ ጋር ነው፤ የራስሽ በር አለሽ፤ እማማንም ትጠብቂልናለሽ።

በሚቀጥለው ሳምንት ቀብድ ልንሰጥ እንችላለን ወይ? የማዘጋጃ ቤቱ ማጣሪያ እንደወጣ ጻፊልኝ።

የወንድምሽ ሚስት፣ ሀኒ


አዳማ፣ የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሀኒ፤

እንደምን ሰነበትሽ? የጋሽ ሰንበታን ቤት ተይው። እግድ አለበት። ከልጆቻቸው አንዱ የእናቴ ድርሻ ብሎ በውርስ ከሷል፤ ፍርድ ቤቱ ቤቱ እንዳይሸጥ አግዷል። እንዲህ ያለ ክስ ዓመታት ይፈጃል።

ለእሳቸው አትደውዪላቸው። የቤታቸው ገበና ነው፤ ያፍራሉ።

ሌላ ሲገኝ አሳውቅሻለሁ። አሁን ግን ገበያው ቀዝቅዟል፤ ብትቆዩ ይሻላል።

ስለ ሰርቪሱ አመሰግናለሁ። ለነጋሳም አመሰግናለሁ ብላለች በዪልኝ።

ጂቱ


ባቱ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ጂቱ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። በሦስት መስመር የላክሽልኝን መልእክት መርዳሳ ሰጥቶኛል። «ለምን ጠፋሽ?» ላልሽኝ ምክንያቱ ሐፍረት ነው። ፋሲካን ዓለም ጤና ከእማማ ጋር ስንውል አንቺ ሳትመጪ ቀረሽ። እማማ ቀኑን ሙሉ በሩን ሲያዩ ነበር። ያኔ ልነግርሽ ያሰብኩትን ነገር ነው እስከ ዛሬ ይዤ የቆየሁት።

የጋሽ ሰንበታ ቤት ከቀረ በኋላ ከወር በላይ ጠበቅኩሽ። አንድም ቤት አላሳየሽኝም። ነጋሳ «ሌላ ሰው ጠይቂ» አለኝ። የሥራ ባልደረባዬ ማናሴ ከሚባል ደላላ ጋር አገናኘችኝ። እሱም በሳምንቱ እዚያው አዳማ አንድ ቤት አገኘልን። አዲስ ቀለም የተቀባ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ከኮረብታው ሥር፣ ከትልቁ የውሃ ታንከር ዝቅ ብሎ ያለው አረንጓዴ በር ነው። አንቺን ትቼ በሌላ ሰው መሄዴን ከሰው አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

ቀብድ ይዘናል። ማክሰኞ፣ ግንቦት 19 ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደን እንፈራረማለን። ብትመርቂን ደስ ይለኛል።

ሀኒ


አዳማ፣ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሀኒ፤

ሰላምታውን ሌላ ጊዜ እንለዋወጣለን። ያን ቤት እንዳትፈርሚ።

አረንጓዴ በሩን አውቀዋለሁ። ዓምና ባለቤቱ ሽጪልኝ ብሎ ወደ እኔ መጥቶ ነበር፤ አልሸጥም ብዬ መልሼዋለሁ። በሐምሌ ዝናብ ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ መውጫ አጥቶ በዚያ ግቢ ነው የሚያልፈው። ካቻምና ለሌላ ገዢ የጎረቤቱን ቤት ላሳይ ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ፍራሽ ጣሪያ ላይ አስጥተው ነበር። ቀለሙ አዲስ የሆነው ለዚህ ነው። ሴራሚኩም እንደዚያው።

ማናሴ ይህን ካልነገረሽ ወይ አያውቅም ወይ ደብቆሻል። በሁለቱም ደላላ አይባልም። እባክሽ።

ጂቱ


ባቱ፣ ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ጂቱ፤

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ለነጋሳም በስልክ አነበብኩለት።

አንድ ነገር ብጠይቅዎ አይቀየሙኝ። እኔ የወደድኩት ቤት ሁሉ ለምንድን ነው ጉድ የሚወጣበት? የመጀመሪያው እግድ አለበት አሉኝ፤ የእግዱን ወረቀት ቅጂ በመርዳሳ በኩል ሁለት ጊዜ ባስጠይቅዎ አልላኩልኝም። ለገዢዎቼ ሁሉ በወረቀት ነው ያሉኝ እርስዎ ነዎት። አሁን ደግሞ ሁለተኛው ጎርፍ ይገባዋል ይሉኛል። በሌላ ደላላ የሄድኩበት ቤት ስለሆነ ነው ወይ? ማናሴን ብጠይቀው ሳቀ። «እሷ ኮሚሽኑ ቀርቶባት ነው» አለኝ። እኔ በኮሚሽን አልጠረጥርዎትም። የምጠረጥረውን መጻፍ ግን ከብዶኛል።

ማክሰኞ እንፈርማለን። ነጋሳ ፈቃድ ወስዶ ይመጣል።

ሀኒ


አዳማ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሀኒዬ፤

«እርስዎ» አልሽኝ። ይገባኛል።

የጠረጠርሽውን ላለመጻፍ ተጨንቀሻል፤ እኔ ልጻፍልሽ። ቀንቼብሽ ነው።

በጋሽ ሰንበታ ቤት ላይ እግድ የለም። ኖሮም አያውቅም። የከሰሰ ልጅ የለም፤ ያለቻቸው አንዲት ልጅ ነች፣ እሷም አርሲ ነገሌ እህል ስትሸጥ ውላ ማታ የአባቷን መምጫ ቀን የምትጠይቅ ናት። የካቲት 25 ቀን ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ቤቱ ከዕዳና ከእግድ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተቀብያለሁ። ያንን ወረቀት በእጄ ይዤ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ደጅ እስከ ቢሮዬ በባጃጅ ስመጣ ውሸቱን ፈጠርኩት። ቢሮ ስደርስ አልቆ ነበር። ክሱም፣ ልጁም፣ ፍርድ ቤቱም።

ወረቀቱን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ዋናው ነው፤ ቅጂ አላስቀረሁም። ቀኑንና የእኔን ደብዳቤ ቀን አስተያዪው። ሁለቱን አንድ ላይ አድርገሽ ፈቃድ የሰጠኝ ቢሮ ብትወስጃቸው የደላላነት ፈቃዴን ሊነጥቁኝ ይችላሉ። እንድታምኚኝ ሌላ የማስይዝልሽ የለኝም።

ለምን እንዳደረግኩት ልንገርሽ፤ ምክንያት ብዬ ሳይሆን እንድታውቂው ነው። አባታችን ሲሞት ነጋሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ ዓለም ጤና ሽንኩርት ማሳ ላይ ገባሁ። ስነቅል፣ ስለቅም፣ ጆንያ ስሰፋ ነጋሳ ተማረ። አንድ ቀን አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው እጄን አይቶ አለቀሰ። «ትልቅ መኪና ነጂ እሆንና አዳማ ላይ በረንዳ ያለው ቤት እገዛልሻለሁ» አለኝ። የልጅ ወሬ ነው። አውቃለሁ። ግን ሀኒዬ፣ እኔ በዚያ ወሬ ሠላሳ ዓመት ያህል ኖሬበታለሁ። ስንት ሰው ቤት አስገብቼ፣ ቁልፍ አስረክቤ፣ ማታ ወደ ኪራይ ቤቴ ስመለስ «የእኔም አለ» እል ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ለእሱም አላስታወስኩትም፤ ያስታውሳል ብዬ።

በሠርጋችሁ ቀን ቀሚስሽ ጭቃ እንዳይነካው ብሎ ከመኪናው ወርዶ ኮቱን ሲያነጥፍልሽ ከኋላ ቆሜ አይቼዋለሁ። ያን ቀንም ቀንቻለሁ። ግን ያ አለፈ። በረንዳውን አግኝቼ ለአንቺ ያሳየሁትም ይህን ሁሉ አልፌዋለሁ ብዬ ነው። ከዚያ ደብዳቤሽ መጣ። ካርታው በአንቺ ስም፣ ፀሐዩ ለእናቴ፣ ሰርቪሱ ለእኔ። አንቺ በቅንነት እንደጻፍሽው አውቃለሁ። ቅንነትሽ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ። ክፉ ብትሆኚ ኖሮ መጥላቱ ይቀለኝ ነበር።

ጋሽ ሰንበታ «ያቺ ነርስ ምነው ቀረች? ዛፎቹን ስትዳስስ አይቼ እሷ ትያዝልኝ ብዬ ነበር» ሲሉኝ፣ «ሐሳቧን ቀየረች» አልኳቸው። እሳቸውንም ዋሸሁ ማለት ነው።

አሁን ስሚኝ። የመጀመሪያው ውሸት ነበር፤ ሁለተኛው እውነት ነው። ሁለተኛውን እንድታምኚልኝ ብዬ ነው የመጀመሪያውን የነገርኩሽ። እኔን ባታምኚም ሰው አታጪም። ከአረንጓዴው በር በስተቀኝ ወይዘሮ ሃፍሳ የሚባሉ ሴት አሉ። ማናሴን ሳትይዢ፣ ነጋሳንም ሳትጠብቂ፣ ከማክሰኞ በፊት ብቻሽን ሄደሽ አንኳኪ። ሐምሌን እንዴት እንደሚያሳልፉት ጠይቂያቸው።

ጂቱ


ባቱ፣ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ጂቱ፤

ሦስት ሳምንት ሙሉ መልስ ስላልሰጠሁ ይቅርታ አልጠይቅም።

«ፈርመሽ ይሆን?» ብለው በመርዳሳ አስጠይቀውኝ ነበር። አልፈረምኩም። ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግሥት እረፍት ወስጄ ሄድኩ። ወይዘሮ ሃፍሳ መጀመሪያ ፈሩ። «የጎረቤቴን ገበያ አበላሸሽ እንዳልባል» አሉኝ። ነርስ መሆኔን፣ አሮጊት አማቴን ይዤ እንደምገባ ስነግራቸው ግን ተነሥተው ቁም ሳጥናቸውን ገፋ አደረጉት። ከኋላው ግድግዳው ላይ ቡናማ መስመር አለ። ጉልበቴን ያልፋል። «ይህ የካቻምናው ነው፤ የዓምናውን ቀብተነዋል። እኛ ከፍ ያለው ላይ ሆነን እንዲህ ከሆንን ያኛውን አስቢው» አሉኝ።

ማናሴን ጠራሁት። «ይህን ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«እህቴ፣ አልጠየቅሽኝም እኮ!» አለኝ።

ይህንን ሲል ፊቱ ላይ ምንም ሐፍረት አልነበረም። እኔም ቆሜ የማወዳድረው እሱንና እርስዎን ሆነ። እሱ እየሳቀ ሊያሰጥመኝ ነበር። እርስዎ ደግሞ ከደረቅ ቤት አባርረው ውሃ ውስጥ ጣሉኝ፤ መልሰውም ጎትተው አወጡኝ። የቱ እንደሚብስ እስካሁን አልወሰንኩም። ቀብዱ በሽማግሌ ተመልሷል።

ለነጋሳ ደብዳቤዎን አነበብኩለት። ሚሌ ላይ መኪናውን አቁሞ ነበር። የሽንኩርቱና የበረንዳው ቃል ላይ ስደርስ «እንዲህ ብያት ነበር እንዴ?» አለ። ረስቶታል፣ እትዬ። ይህንን ባልነግርዎ ይሻል ነበር። ግን ከእንግዲህ በእኛ መካከል ባይደበቅ ብዬ ነው። ያን ዕለት ከእርስዎ ይልቅ በእሱ ተናደድኩ።

እኔም አንድ ልናገር። ያገባሁት ሰው ሲያመው የሚጠራው እናቱን አይደለም፤ እኔንም አይደለም። «ጂቱ» ነው የሚለው። አምስት ዓመት እየሰማሁ ዝም ብያለሁ። ሰርቪሱን በቅንነት እንዳቀረብኩት ጽፈዋል። ያኔ እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። አሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

ወረቀቱን ፈቃድ ሰጪው ቢሮ አልወስደውም። ለእርስዎም አልመልሰውም። እኔ ዘንድ ይቀመጥ።

ቤት ግን አሁንም እንፈልጋለን። እርስዎ ይፈልጉልን። ማናሴ ስላልጠየቅኩት ዝም አለ፤ እርስዎ ፈቃድዎን አስይዘው ተናገሩ። ለጋሽ ሰንበታ ግን እውነቱን ሳይነግሩ ሌላ ቤት እንዳያሳዩኝ።

እርስዎ እያሉ መጻፍ እጅ ያደክማል። የሚቀጥለውን እንጃ።

ሀኒ


አዳማ፣ ነሐሴ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሀኒ፤

እንዴት ከረምሽ? አንቺ ዘንድ የሰነበተችው እማዬ ጉንፋኗ ለቀቃት ወይ?

ለጋሽ ሰንበታ ነግሬያቸዋለሁ። በረንዳቸው ላይ ቆሜ ነው የነገርኳቸው፤ ተቀመጪ አላሉኝም። መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጊዜ ጠረጉት። «ሠላሳ አራት ዓመት ባቡር ላይ ስሠራ የዘገየ ባቡር ብዙ አይቻለሁ። መንገደኛ ጠልቶ ፍሬን የሚይዝ ሠራተኛ ግን አላየሁም» አሉኝ። «ከእንግዲህ ለእናንተ አልሸጥም» ብለው በሩን ራሳቸው ከፍተው አስወጡኝ። ቤቱ በሐምሌ መጨረሻ ለሌላ ሰው ተሽጧል፤ ከመጀመሪያው ዋጋ ወርደው ነው የሸጡት። አሁን አርሲ ነገሌ ናቸው። ሰላም ብዬ ልኬባቸው መልስ አልመጣም። አይመጣም ብዬ አስባለሁ።

ነጋሳ ሁለት ጊዜ መጥቶ ነበር። ምን እንደተባባልን ጠይቀሽኛል። እሱን አልጽፍልሽም፤ የእኔና የእሱ ነው። አልቅሰን እንደነበር ግን ከዓይኑ አይተሽ ይሆናል።

ቤት አግኝቻለሁ። ሁለት መኝታና አንድ ሳሎን ነው፤ በረንዳ የለውም። ለአራት ሳምንት ያላሳወቅኩሽ ክረምቱ በደንብ እስኪጥል ጠብቄ ነው። በከባዱ ዝናብ ቀን ጃንጥላ ይዤ ግቢው ውስጥ ቆሜያለሁ፤ ውሃው ወደ መንገዱ ነው የሚወርደው። ጣሪያው ግን ኩሽናው ላይ ያፈሳል፤ ሁለት ቆርቆሮ መቀየር አለበት። የቧንቧ ውሃ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ነው። ከጀርባው ወፍጮ ቤት አለ፤ ከጠዋት ጀምሮ ይጮሃል፤ የማታ ተረኛ ሆነሽ ቀን ለምትተኚ ይህ ቀላል አይደለም። ካርታው ላይ ያለው ስፋትና መሬት ላይ ያለው በስምንት ካሬ ይለያያል፤ ምክንያቱን እያጣራሁ ነው። ሻጩ «ቶሎ ካስፈረምሽልኝ ለብቻሽ ገንዘብ እሰጥሻለሁ» ብሎኛል። አልቀበልም ብዬዋለሁ፤ ግን ማለቱን እወቂው። ሰው የሚቸኩልበት ነገር ይኖረዋልና እሱንም እጠይቃለሁ።

የማዘጋጃ ቤቱን ማጣሪያ በእኔ እጅ አላመጣውም። ራስሽ ሄደሽ ተቀበዪ። መስኮት ቁጥሩን በዚህ ደብዳቤ ጀርባ ጽፌልሻለሁ።

ስለ ቤቱ የማውቀው ይህን ያህል ነው። ስለ ደላላዋም ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ። ቅናቱ አልለቀቀኝም፣ ሀኒዬ። ጸልዬበታለሁ፤ ለጥቂት ቀን ቀለል ይልና ይመለሳል። ትናንት ክፍሎቹን ስለካ ትልቁ መኝታ ጋ ስደርስ የእናንተ አልጋ የት ጋ እንደሚሆን ታየኝ። ሜትሩን መሬት ላይ ጥዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ቆሜ ቆየሁና ተመልሼ ገብቼ ለካሁት። አራት ሜትር በሦስት ተኩል ነው። ትክክል ለክቻለሁ ብዬ አምናለሁ።

ቢሆንም የራስሽን ሜትር ይዘሽ ነይ።

ጂቱ